ከቆርቆሮው ግድግዳ ሥር

መነን ለከበበው ምን እንደደገሰችለት ለማንም ትንፍሽ አላለችም። ፊት ለፊት ሲገናኙ "ጋሼ" ብትለውም በልቧ አንቱ ብላው አታውቅም። እኛም እዚህ አንቱ አንለውም፤ እንዲህ ላለ ሰው አንተም ይበዛበታል።

በስደት አገር፣ ካርቲየ 1 በሚባለው ሰፈር ውስጥ፣ የሐበሻ ልጆች የሚማሩባት አንዲት ጠባብ ትምህርት ቤት አለች። ከበበው ለዓመታት ሒሳብ ያስተማረው እዚያ ነው። ክፍሏ ያላት አንድ የጣሪያ ማራገቢያ ብቻ ሲሆን፣ በምዕራብ በኩል ያለው ግድግዳዋ ደግሞ ቆርቆሮ ስለሆነ ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ስትዞርበት እጅ አያስነካም። ከበበውም አንድ ሕግ አወጣ። ፈተና ታርሞ ሲመለስ ጎበዞቹ ማራገቢያው ሥር፣ ሰነፎቹ ቆርቆሮው ሥር ይቀመጣሉ። "ሲያልባቸው ይነቃሉ" ይል ነበር። አንዴ ቆርቆሮው ሥር የገባ ልጅ ተመልሶ ማራገቢያው ሥር ሲቀመጥ ያየ የለም፤ ይህ ነገር ግን የሒሳብ አስተማሪውን አንድም ቀን አላስገረመውም።

መነን በልጅነቷ ትኩሳት ይዟት አንድ ፈተና አበላሸችና እዚያ ገባች። ከዚያ በኋላ የሰሌዳው ቁጥሮች ዓይኗ ላይ ይዋኙባት ጀመር። ከበበው እናቷን ሻሼን አስጠርቶ በልጆቹ ሁሉ ፊት፣ "የዚች ልጅ ጭንቅላት ሒሳብ አይቀበልም፤ ካንቺ ጋር ብትሠራ ይሻላል" አላት። ሻሼ ሀራሙስ በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር በሰው ቤት ተቀጥራ የምትኖር ሴት ነች። የአስተማሪን ቃል በምን አፏ ትመልሳለች? ልጇን እጇን ይዛ ወሰደቻት።

መነን ሒሳብ የገባት እዚያው ሀራሙስ፣ ሰው ቤት ነው። የቤቱን ልጆች የሚያስጠናው ሰው ሲመጣ ክፍሉ በኤር ኮንዲሽነር ቀዝቅዞ ይጠብቀዋል፤ እሷም ትንሹን ልጅ አቅፋ ጥግ ላይ ትቀመጣለች። አንድ ቀን ሰውዬው ክፍልፋይ ሲያስረዳ ነገሩ ሁሉ ፍንትው አለላት። ደስ አላላትም፤ ተናደደች። ጭንቅላቷ ያኔም ደህና ነበር ማለት ነው! የማታ ትምህርቷን ያስጨረሳት፣ ዲፕሎማ ያስያዛት፣ ከበበው ጡረታ ሲወጣም እሱ በለቀቀው ሰሌዳ ፊት ያቆማት ያ ንዴት ነው።

እንደገባች ሕጉን ሻረችው። ልጆቹ በየሳምንቱ እየተዘዋወሩ ማራገቢያው ለሁሉም ይደርሳቸው ጀመር። ሰነፍ የተባሉት ቀስ በቀስ እጃቸውን ማውጣት ጀመሩ፤ ወላጆች ተገረሙ፣ እሷ አልተገረመችም። እዚህ ላይ ብታቆም ኖሮ እኔም ጥሩ ሴት ነች ብዬ ዝም እል ነበር። ዘንድሮ ግን ፅዮናዊት መጣች።

የመጀመሪያ ቀን፣ መነን ጥያቄውን ጽፋ ሳትጨርስ ከኋላ መልሱን የተናገረች ፈጣን ልጅ ናት። መነን በደስታ ዞር ብላ ሙሉ ስሟን ጠየቀቻት።

"ፅዮናዊት ደጀን ከበበው።"

"ከበበው? ሒሳብ ያስተምሩ የነበሩት?"

"አዎ ቲቸር! አያቴ ናቸው" አለች ልጅቷ በኩራት። አባትና እናቷ በየመን አድርገው ወደ ዓረብ አገር ከተሻገሩ ወዲህ ከከተማው ዳር ባልባላ የምትኖረው ከእሱ ጋር ነው።

"እንግዲያው ያንቺ ቦታ እዚያ ነው" አለቻት መነን፣ ቆርቆሮውን እያሳየች። "አያትሽ ያወጡት ሕግ ነው።"

ሌሎቹ ሲዘዋወሩ ፅዮናዊት አልተንቀሳቀሰችም። መጀመሪያ መልስ መናገር ተወች። ቀጥሎ መጠየቅ ተወች። የፈተና ውጤቷ ባሽቆለቆለ ቁጥር መነን ደስ ይላት ነበር፤ ቤቷ ገብታ እግሯን ዘርግታ የከበበውን ፊት እያሰበች ትስቃለች። ልጅቷን እያየች ልጅቷን አታያትም፤ የምታየው እሱን ብቻ ነው።

ግንቦት ላይ አስጠራችው፤ ሰዓቱንም ሆን ብላ ከምሳ በኋላ አደረገችው። ከባልባላ በሚኒባስ ታጭቆ መጣ። አርጅቷል፣ ክራቫቱን ግን አልተወም። አላወቃትም። "ይቀመጡ ጋሼ" ብላ የፅዮናዊትን ወንበር ሰጠችው። ልጅቷ በሩ አጠገብ ቆማለች።

መነን ስለዚህም ስለዚያም እያወራች አቆየችው። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ሲጣበቅ ወረቀት አቀበለችው። "ይህች ናት ያቃተቻት፤ እስቲ እርስዎ ይዩላት።" ከሁለት ሦስተኛ አንድ አራተኛ ሲቀነስ። ከበበው ሳቀ። ጻፈ፣ ሰረዘ፣ እንደገና ጻፈ። ላቡ ወረቀቱ ላይ ተንጠባጠበ።

"ሰባት አሥራ ሁለተኛ" አለ።

"አምስት አሥራ ሁለተኛ ነው ጋሼ።"

"ኤጭ! ሙቀቱ ነው እንጂ! እዚህ ተቀምጦ ማን ያስባል?"

ዕድሜዋን ሙሉ ይህን ቃል ስትጠብቅ ኖራለች። "እኔንም ሙቀቱ ነበር" አለች። "መነን ነኝ፣ የሻሼ ልጅ። ጭንቅላቷ ሒሳብ አይቀበልም ብለው ያባረሩኝ።"

ከበበው ግንባሩን እየጠረገ ትክ ብሎ አያት። "የትኛዋ ሻሼ?"

አላስታወሳትም። ይቅርታ ቢጠይቅ አዘጋጅታ የነበረው መልስ፣ ቢክድ አዘጋጅታ የነበረው ስድብ፣ ሁሉም ከንቱ ሆነ። እሱ ግን ነገሩን ረስቶ ወደ ልጅቷ ዞሮ ነበር።

"የኔስ እርጅና ነው፤ ያንቺስ? ቁርጥሽን እወቂ። ጭንቅላትሽ አይቀበልም። ሀራሙስ ሠራተኛ የሚፈልጉ ሰዎች አሉ፤ የሰኔን ፈተና ካላለፍሽ እዚያ ትገቢያለሽ።"

ፅዮናዊት አላለቀሰችም። ራሷን ነቀነቀች፤ አምናዋለች።

"አይደለም!" አለች መነን። "እኔ ነኝ! እዚህ ያስቀመጥኳት ሆን ብዬ ነው፤ እርስዎን ላቃጥል ብዬ!"

ከበበው በሐዘኔታ ፈገግ አለ። "ደግ ነሽ ልጄ። ልታጽናኛት ነው። እኔም አስተማሪ ነበርኩ፤ ሰነፍ አይጠፋኝም።" ክራቫቱን አስተካክሎ ወጣ።

በማግስቱ መነን ቀድማ ገብታ ማራገቢያው ሥር ያለውን ወንበር ራሷ ወለወለችው። ልጆቹ ሲገቡ ፅዮናዊት እንደልማዷ አንገቷን ደፍታ ወደ ቆርቆሮው ሄደች።

"ፅዮናዊት፣ ነይ እዚህ። ከዛሬ ጀምሮ ቦታሽ ይኸ ነው።"

ልጅቷ አልተነሳችም።

"ነይ እንጂ የኔ ቆንጆ!"

"እዚያ የሚገባው ልጅ ይቀመጥ ቲቸር" አለች ፅዮናዊት፣ ቁጣም ቅሬታም ሳይኖርባት። "የኔ ጭንቅላት አይቀበልም እኮ። እዚህ ለምጄዋለሁ።"

መነን ሄዳ እጇን ያዘቻት፣ ለመነቻት፣ ጎተተቻት። ልጅቷ ወንበሩን በሁለት እጇ ጨምድዳ ያዘች፤ ማራገቢያውም ባዶው ወንበር ላይ እየዞረ ክፍለ ጊዜው አለቀ።