ይደገም ያሉት ሸክላ

ኢቫድኒ የሊበርት የሙዚቃ ሸክላ መሸጫ በር ላይ ቆማ ሕዝቡ "ይደገም!" እንዲል ፈጣሪዋን ትለምናለች። ቅዳሜ ከሰዓት የኪንግስተን ሰው ኦሬንጅ ጎዳናን ይሞላዋል፤ ሊበርት አዲስ ዘፈን በሸክላ የሚያሳትመውም ይህ ሕዝብ ካስደገመው ብቻ ነው። ካላስደገመው፣ ዘፈኑ የተቀዳበት የቴፕ ክር ውድ ነውና፣ ላዩ ላይ ሌላ ይቀዳበታል። የዛሬው ዘፈን የኢቫድኒ ነው፤ በዘፈኑ የምትቀበላት እህቷ ሜርሊን ደግሞ ሐሙስ በመርከብ ወደ እንግሊዝ ሄዳለች። የሁለቱ ድምፅ አብሮ ያለው በዚህ ቅጂ ላይ ብቻ ነው።

ሊበርት ለሙከራ ከክሩ ያስቀረጸውን ለስላሳ ሸክላ ማጫወቻው ላይ አስቀመጠ። ተፎካካሪ ባለሱቅ ዘፈኑ የማን እንደሆነ እንዳያውቅ ሸክላው ላይ ያለውን ጽሑፍ በምስማር ፍቆታል። ከተሰበሰበው ሰው ኢቫድኒን የሚያውቃት የለም።

የዘፈኑ ከበሮ መምታት ሲጀምር ማንም አልተንቀሳቀሰም። ወዲያው አንዲት ዓሣ ሻጭ ቅርጫቷን መሬት አስቀምጣ ወገቧን ማወዛወዝ ጀመረች።

"ኧረ ይደገም! ሊበርት፣ እጅህ ታስሯል እንዴ?"

ተደገመ። አራቴ፣ አምስቴ። ኢቫድኒን ደስታ አሰከራት። ስድስተኛው ላይ ግን ከሜርሊን ድምፅ ሥር፣ ትኩስ ዘይት እንደገባ ዓሣ የሚንጨረጨር ነገር ሰማች። ለስላሳ ሸክላ ዕድሜው አጭር ነው፤ መርፌው በሄደበት ቁጥር ይበላዋል። ወደ ሊበርት ተጠጋች።

"ጋሼ ሊበርት፣ እያለቀ ነው እኮ! ከክሩ ሌላ ሸክላ ያስቀርጹ እንጂ!"

ሊበርት ዓይኑን ሰበረ። "የቱ ክር?"

"የኛ ነዋ!"

"ጠዋት ትሮምቦን ነፊዎቹ መጡና... እንዲህ ይወደዳል ብዬ መች አሰብኩ፣ ልጄ? ላዩ ላይ ቀዳሁበት።"

የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ሊበርት ያፈሰሰውን ግን ማን ይለቅመዋል? ኢቫድኒ ወደሚዞረው ሸክላ ጠቆመች።

"ከዚህ ሸክላ ወደ ክር መገልበጥ አይቻልም?"

"ጨርሶ ካልተበላ ይቻላል። ስቱዲዮው እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ክፍት ነው። ግን አሁን ባቆምባቸው ማዶ ሱቅ ይገቡብኛል። አንዴ ብቻ!"

"ይደገም!" አለ ጎዳናው። ስትለምነው የቆየችው ቃል አሁን አንጀቷን ቆረጠው።

ሊበርት መርፌውን መለሰ። ሜርሊን የምትገባበት ቦታ ሲደርስ ድምፅዋ በግማሽ ጠፋ። ኢቫድኒ ከዚያ በላይ አልቻለችም፤ መርፌውን አነሳች፣ ሸክላውን በሻሿ ጠቀለለችና ሕዝቡን እየገፈተረች ወጣች።

"ምን ነካት? ያዟት! ሌባ!"

"ቅናት ነው!" አለች ዓሣ ሻጯ ከኋላዋ። "ሸክላው ላይ እንዳለችው ልጅ መዝፈን ቢያቅታት ነው!"

ኢቫድኒ ዞራም አላየች። ስቱዲዮው ሊዘጋ ሃያ ደቂቃ ቀርቶታል፤ ሸክላውም አንዴ፣ አንዴ ብቻ መዞር ከቻለ ይበቃታል።