የሬዲዮ ልጅ

ባለሱቋ ጎረቤት «እግዜር ያጽናሽ» ብለው ጎንበስ አሉና ሳሟት፤ ከዚያ ግን ቀና አላሉም። አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠግተው፣ በግራ በኩል ያለችው መንጋጋ ጥርሳቸው እንቅልፍ እንደነሳቻቸው በሹክሹክታ ነገሯት።

አባቷ ከተቀበሩ ወዲህ ሊያጽናናት ከመጣው ሰው ግማሹ ጉንጩን ይዞ ነው የሚገባው። ከመመንኮሷ በፊት የሰፈሩ ጥርስ ሐኪም እሷ ነበረች። ዶክተር ይበሏት እማሆይ ግራ የገባቸው «እማሆይ ዶክተር» ብለው ተገላግለዋል። እሷም አንድ በአንድ ወደ መስኮቱ እየወሰደች አፍ ታስከፍታለች።

አባቷ ልብስ ሰፊ ነበሩ። ወሬያቸው ከስፌት መኪናው ቀድሞ ተነስቶ ከመኪናው በኋላ ስለሚያርፍ ሰፈሩ «ሬዲዮ» ይላቸዋል። ክሊኒኳን ዘግታ፣ ጸሎትና ዝምታ ብቻ ወዳለበት ገዳም ልትገባ መሆኑን የነገረቻቸው ቀን ግን መቀሳቸውን አስቀምጠው ጭጭ አሉ። ቆይተው፣ «ስንት ዘመን ሰውን አፍህን ክፈት ስትይ ኖረሽ፣ አሁን የራስሽን ልትዘጊ ነው?» አሉና በገዛ ቀልዳቸው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አኮረፏት፤ ዓመት ሙሉ።

ዓመቱ ሲሞላ ናፍቆቱ አላስቀምጥ ብሏቸው ገዳም ሄዱ። ትከሻው የተንጋደደ ቀሚስ ለብሳ ስትመጣ ሲያዩ ኩርፊያቸውን ረሱት።

«መንኩሺ፤ ይህን ለብሰሽ ግን የሬዲዮ ልጅ ነኝ እንዳትይ» ብለው ሜትራቸውን ከኪሳቸው መዘዙ። እሷን ለክተው ሲጨርሱ ሌሎቹ መነኮሳት ከኋላዋ ተሰልፈው ነበር።

አመሻሽ ላይ ለቀስተኛው ሲበተን ታላቅ ወንድሟ ሰውነቱ እንደ ደከመው ሁሉ አጠገቧ ዘፍ አለ።

«ሰው እንዴት እንደሚፈልግሽ አየሽ አይደል? ክሊኒኩን እንክፈተው። አባባም ትመለሳለች እንዳለ ነው የሞተው።»

እሷ አባቷ የሰፉላትን ቀሚስ እጅጌ በጣቷ ዳሰሰች።

ብርጭቆ የምትሰበስበው አክስታቸው ግን ሥራዋን ተወች። «ላንተ እንዲያ ይልህ የነበረው እንዳይከፋህ ብሎ ነው» አለችው። «ለእኔ ያለኝ ሌላ ነው። ክሊኒክ ሳለች ስስቅላት ጥርሴን ነበር የምታየው፤ አሁን እኔን ታየኛለች ነው ያለኝ።»

ወንድሟን ሳቁ አመለጠው፤ እሷም ተከተለችው፤ ሁለቱም እየሳቁ እንባቸውን ጠረጉ። ጠዋት ገዳሙ በር ድረስ እሱ ራሱ እንደሚያደርሳት ነገራትና ሻይ ሊያመጣ ተነሳ።

ሲመለስ ትሪው ላይ አራት ብርጭቆ ነበር። በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሦስት ናቸው። አራተኛውን፣ የአባታቸውን፣ ሲያይ ትሪውን እንደያዘ ቆሞ ቀረ።

እሷ ተነስታ ትሪውን ተቀበለችው። አራተኛውን ብርጭቆ አንስታ፣ ሻዩን በሦስቱ ላይ ጥቂት ጥቂት አካፈለችው።