የአናጢው ቀኝ እጅ

ያዘኑትን ለማጽናናት ከቤተ ክርስቲያን የምትላከው ልጄ የአናጢውን በር ስትገፋ፣ «ዛሬስ ሬሳዋን ነው ይዤ የምመለሰው» እያልኩ ተከተልኳት። ሰውየው፣ የኤሌክትሪክ መጋዙን ሲጠግን የነበረውን ወንድሙን ሳያይ ማብሪያውን ተጭኖ ከገደለው ወዲህ ያገኘውን ሁሉ ይሰባብራል።

ስንገባ ቀኝ እጁን ጠረጴዛው ላይ ዘርግቶ በግራው መዶሻ አንስቷል።

«ይህ እጅ ነው የገደለው። እግዜርም አይምረውም።»

ልጄ እጇን በእጁ ላይ ደረበች። «ጋሼ፣ ለዚህ ኃጢአት ሲባል የክርስቶስ እጅ በመዶሻ ተመቷል። ይበቃል።»

«እናትሽን አታስለቅሻት፣ ዞር በይ» አለና መታ።

ጣቷ ተጨፈለቀ፤ ደሟ ቀሚሴ ላይ ተረጨ። እጇን ግን አላነሳችም።

መዶሻውን ጣለ። እያለቀሰ ሸሚዙን ቀደደና በዚያው በቀኝ እጁ ጣቷን ይጠቀልል ጀመር። እኔም «ይቆረጣል፣ አይቀርም» እያልኩ የጨርቁን ጫፍ ያዝኩለት።