የእትዬ ማታ ድምፅ

እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ጥቂት ሰው ነው። በየምሽቱ በቴሌቪዥን ብቅ ብላ ተረት ስለምታወራላቸው ልጆች እትዬ ማታ ይሏት ነበር፤ ጎረቤቱም፣ ባለሱቁም፣ የአውቶቡስ ትኬት ቆራጩም ከልጆቹ ተቀብለው በዚሁ ስም ይጠሯታል። ባሏ ብቻ «አንቺ» ይላታል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ወሬ አያበዛም። ከንፈሩ ላይ መርፌ ስለማይጠፋ ነው እያሉ ይቀልዱበታል።

ጉሮሮዋን ሲከረክራት መጀመሪያ ጉንፋን ነው ብላ ናቀችው። ሐኪሞቹ ግን ነፍሷን ለማትረፍ ማንቁርቷን ማውጣት ግድ ሆነባቸው። ከሆስፒታል ስትወጣ አንገቷ ላይ ሻርፕ፣ እጇ ላይ ትንሽ ነጭ ሰሌዳ ነበር። ሊጠይቃት የመጣው ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሷ ሰሌዳው ላይ «ጣቢያው ጋ ሞልቶልኛል» ብላ ጻፈች። ድምፅዋን ማለቷ ነው። እውነትም ጣቢያው የድሮ ዝግጅቶቿን በድጋሚ ማሳየት ጀመረ። ልብስ ሰፊው ሱቁን በጊዜ እየዘጋ ይመጣል፤ ሁለቱም ሶፋው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው እሷን ይሰማሉ። አንዳንዴ ባልየው ራሱን ይረሳና ለቴሌቪዥኑ መልስ ይሰጣል።

አንድ ምሽት ግን በእሷ ሰዓት የካርቱን ፊልም መጣ። በማግስቱም እንደዚያው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጣቢያው ለአዲስ ባለቤቶች ተሸጦ ነበር። የዝግጅቱ ፕሮዲውሰር የነበረው ሰው «ፕሮግራሙ የእኔ ፈጠራ ነው፤ ያለ ፈቃዴ ሊያሳዩት አይችሉም» ብሎ የቅጂ መብት ክስ መሠረተ። ጣቢያው ደግሞ በእኛ ስቱዲዮ፣ በእኛ ካሜራ የተሠራ የእኛ ንብረት ነው አለ። ፍርድ ቤቱ ክርክሩ እስኪቋጭ ማንም እንዳያሰራጨው፣ ማንም እንዳይቀዳው እግድ ሰጠ። ካሴቶቹ ያሉበት ክፍል ታሸገ።

ቤታቸው አንድም ቅጂ አልነበረም። ሲያወራ የሚውል ሰው የራሱን ድምፅ ቀድቶ የሚያስቀምጠው ምን ብሎ ነው? ያለው የልጃቸው የሰርግ ቪዲዮ ብቻ ነው። እሱም ላይ እሷ ወደ ሙሽራዋ ጆሮ ጠጋ ብላ ብዙ ስታወራ ትታያለች፤ ሙዚቃው ቃሏን ሁሉ ውጦታል። ባሏ ያንን ቦታ እየመለሰ ያየዋል።

«ምን ነበር ያልሻት?» አላት አንድ ቀን።

ትከሻዋን ሰበቀች። ረስታዋለች።

ልጃቸው ሴት ልጅ የወለደችው ያኔ ነው። ሕፃኗ ስታለቅስ እትዬ ማታ ታቅፋት ወዲያ ወዲህ ትላለች፤ እሹሩሩ ልትል አፏን ትከፍትና ትንፋሽ ብቻ ይወጣል። ናፍቆቱ የጠናባት ከዚህ በኋላ ነበር። የሞተ ሰው ሲናፍቅ መቃብሩ ይኬዳል። የራስ ድምፅ ሲናፍቅ ወዴት ይኬዳል?

ወደ ጣቢያው ሄደች። የካሴት ክፍሉ ኃላፊ የድሮ ወዳጇ ናት፤ እጇን ይዛ እስከ በሩ ወሰደቻትና የፍርድ ቤቱን ማኅተም አሳየቻት። «እትዬ፣ በእጄ ቢሆን በዘንቢል ጭኜ እሰጥዎ ነበር» አለቻት። እትዬ ማታ መዳፏን በሩ ላይ አድርጋ ትንሽ ቆመች።

ሳምንት ሳይሞላ ፕሮዲውሰሩ ራሱ ቤቷ መጣ።

«ክፉ ደግ አብረን ያየን ሰዎች ነን» አላት። «ሁሉንም የፈጠርኩት እኔ እንደሆንኩ መስክሪልኝ። ስረታ ካሴቶቹን ደጅሽ ድረስ አመጣልሻለሁ።»

ሰሌዳዋን አነሳች፤ ምንም ሳትጽፍ መልሳ አስቀመጠችው። ሰውየው ሲወጣ ግን ለባሏ «ውሸት ልናገር እንኳ ድምፅ የለኝም» ብላ ጻፈችለት። ሳቀ። ከዚያ ዓይኑን ጠረገ።

ጉዳዩን የያዘላት ጠበቃ በልጅነቱ ተረቷን እየሰማ ያደገ ጎልማሳ ነው። «ሁለቱም የሚጣሉት በእርስዎ ላይ ነው፤ እርስዎን ግን የጠየቀ የለም» አላት። «ጣልቃ ገብተን እንከራከር።»

ችሎቱ ላይ ዳኛዋ ወደ እሷ ዞሩ። «የሚጠይቁት ባለቤትነት ነው?»

ጻፈች። ባሏ ተነስቶ ማንበብ ጀመረ፤ በሰው ፊት ተናግሮ ስለማያውቅ ኮቱን ሁለቴ ቆልፎ ፈታ። «ማንም ይውሰደው። እኔ ግን...» ብሎ ቆመ። ዳኛዋ ጠበቁት። «እኔ ግን ልስማው ነው የምትለው።»

የፕሮዲውሰሩ ጠበቃ ብድግ አለ። «ክብርት ዳኛ፣ ናፍቆት በሕግ የታወቀ መብት አይደለም።»

«የከዋኝ፣ ማለትም በድምፁ ያቀረበው ሰው መብት ግን ታውቋል» አለ የእሷ ጠበቃ። «ተረቶቹንም ራሳቸው ናቸው የፈጠሯቸው።»

ፕሮዲውሰሩ እኔ ነኝ የጻፍኳቸው ብሎ ድርቅ አለ። ዳኛዋ ካሴቶቹ ከታሸገው ክፍል ወጥተው፣ ሳይቆረጡ ከመነሻቸው እንዲታዩ አዘዙ።

በቀጠሮው ቀን ችሎቱ ውስጥ ቴሌቪዥን ቆመ። ምስሉ ሲበራ ዝግጅቱ ገና አልተጀመረም፤ በወጣትነቷ ወንበር ላይ ተቀምጣ ኮሌታዋን ታስተካክላለች። «እባካችሁ ቶሎ በሉ» ትላለች ካሜራ ለያዙት ሰዎች። «ያ ሰውዬ እኔ ሳልገባ ራት አይቀምስም። ጨጓራው ሊላጥ ነው።»

ችሎቱ ሳቀ። ልብስ ሰፊው ባርኔጣውን ፊቱ ላይ አደረገ። ምሽት ምሽት ቴሌቪዥኑ ላይ ይሰማት የነበረው የተሞረደውን፣ የተረቱን ድምፅዋን ነበር። ይኼኛው የቤቱ ነው፤ ከኩሽና የሚጠራው፣ የሚነጫነጨው፣ ቁልፌን የት ጣልክብኝ የሚለው። እንዲህ እንደነበር እሱም ረስቶት ነበር። እትዬ ማታ እጇን ሻርፑ ላይ አድርጋ ወደ ፊት አዘንብላለች፤ ማዶ የቆመ ሰው እንደምትጠራ ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል።

ቀጥሎ ከካሜራው ጀርባ የፕሮዲውሰሩ ድምፅ ተሰማ። «ለመሆኑ ዛሬ ምን ልታወሪ ነው?»

«እኔስ ምን አውቄ» አለች የድሮዋ እትዬ ማታ። «መብራቱ ሲበራ ይመጣልኛል።»

ፕሮዲውሰሩ ጫማውን ማየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ ጠበቃው ብዙም አልተናገረም።

ውሳኔው ሁለት ክረምት አልፎ ተሰጠ። ካሴቶቹ የጣቢያው፣ የፕሮግራሙ ስያሜና ቅርጽ የፕሮዲውሰሩ፣ ተረቶቹና ክወናው የእሷ ሆኑ፤ ያለ እሷ ፈቃድ እንዳይሰራጩ፣ ለእሷም ሳይቆረጥ ሙሉ ቅጂ እንዲሰጣት ተባለ። ጣቢያው በድጋሚ ሊያሳይ ሲጠይቃት ፈቀደች። ፕሮዲውሰሩን የፍርድ ቤቱ ደጃፍ ላይ ስታገኘው እጇን ዘረጋችለት፤ እሱም አንገቱን ደፍቶ ጨበጣት።

ቅጂው ቤት ሲደርስ የልጅ ልጇ አፏን ፈትታለች። እናቷ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠቻትና «ተመልከቺ፣ አያትሽ ናት» አለቻት።

ልጅቷ ቴሌቪዥኑን አየች፣ አያቷን አየች። «አይደለችም» አለች። «አያቴ አታወራም።»

ልብስ ሰፊው ተነስቶ መስኮቱ ጋ ሄደ። እትዬ ማታ ከሶፋው ወርዳ ከልጅቷ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ተረቱ ሲቀጥል እያንዳንዱን ቃል ከቴሌቪዥኑ እኩል ያለ ድምፅ በከንፈሯ ታወጣ ጀመር። ልጅቷ ቴሌቪዥኑን ማየት ትታ ዓይኗን የአያቷ አፍ ላይ ተከለች። ትንሽ ቆይታም የአያቷ ጭን ላይ ወጥታ አገጯን በሁለት እጇ ያዘች።

ተረቱ አለቀ።

«ድገሚልኝ» አለቻት።