የጋሽ ሳህሉ ጎደሬ

ቱም ገበያ የሸጥኳት ዶሮ ከእኔ ቀድማ ሚዛን ከተማ ገብታ ደጄ ላይ እንደጠበቀችኝ የማያውቅ የሰፈር ሰው የለም። ስለዚህ የውሃ ኮሚቴያችን ስለሚያፈስ ቧንቧ ሕዝቡን የሚያስተምር ሲፈልግ እኔን መምረጡ አይግረማችሁ። ሰብሳቢዋ ሜሮን ሞንታርቦውን አስታቀፈችኝና፣

«እኔ ስናገር ሰው ያዛጋል፤ አንተን ባምላኩን ግን ቆሞ ይሰማል። ብቻ ጨዋታ አታብዛ!» አለችኝ።

ነገሩ የእኔም ጭንቀት ነበር። ጎረቤቴ እትዬ አስካለች የምትኖረው በልብስ አጠባ ነው። ቤታችን ዳገቱ ጫፍ ላይ ስለሆነ ውሃ የሚደርሰን ሐሙስ፣ በሰፈራችን ፈረቃ ብቻ ነው፤ እሱም የታች ሰፈር ሰዎች ቧንቧ ካላፈሰሰ። በጋ ስለሆነ ከጣሪያ የሚጠራቀም ዝናብ የለም። ጉልበቷ አብጦ ምንጭ መውረድ አትችልም። እኔ የማወጣላት አንድ ጀሪካን ደግሞ ለአንድ ሱሪ አይበቃም። አንሶላ የምታጥብለት የፔንሲዮን ባለቤት፣ «የፊታችን ሐሙስ አንሶላው ካልታጠበ ለሌላ እሰጣለሁ» ብሏታል።

እሁድ ሰዉ ከቤተክርስቲያንም ከቸርችም ሲመለስ መንገድ ላይ ጠበቅኩት። «ወገኖቼ፣ ጠብ ጠብ የሚለው ቧንቧችሁ...» ስል ግማሹ ጥሎኝ ሄደ። ምን ላድርግ?

«ጋሽ ሳህሉ ጓሮ የተቀደደው ቧንቧ ስንት ውሃ እንደሚያፈስ ልንገራችሁ? ሥሩ የበቀለው ጎደሬ፣ ቅጠሉ ባጃጅ ከነተሳፋሪው ያስጠልላል! ሊነቅሉት በሬ ቢያስሩበት የተነቀለው በሬው ነው!»

የሄደው ሁሉ ተመለሰ። ጋሽ ሳህሉ ራሳቸው እንባቸውን እየጠረጉ፣ «ኧረ ሁለት ባጃጅ ነው!» አሉ። «ይሄ ውሃ ነው ዳገት መውጣት የነበረበት!» ብዬ ጮኽኩ፤ ጭብጨባው ዋጠው።

ማክሰኞ ታች ሰፈር ስወርድ የዚያው ሰፈር ነዋሪ ፋና ከቧንቧዋ መጋጠሚያ ላይ እንዳያፈስ የታሰረውን ጨርቅ ትፈታለች።

«ምን እያደረግሽ ነው?»

«ጎደሬ ልተክል ነዋ! አንተው አይደለህ ያስተማርከን?»

«ውሸቴን እኮ ነው!»

«ባጃጁ ውሸት ይሁን። ጎደሬውን ግን በዓይኔ አይቼዋለሁ።»

እውነቷን ነው። ሌላው ጓሮ ሁሉ ደርቆ የጋሽ ሳህሉ ለምልሟል። ሞንታርቦውን ይዤ ወጣሁ። «ዋሽቻለሁ! ቧንቧችሁን እሰሩ፣ እትዬ አስካለች እንጀራዋ ሊቀር ነው!» አልኩ።

«ባምላኩ ዋሸሁ አለ! ይቺ ደግሞ አዲስ ናት!» እያሉ የሰፈሩ ሰዎች ተንከተከቱ። ሜሮንም ጨዋታ አበዛህ ብላ ሞንታርቦውን ቀማችኝ።

ወደ ጋሽ ሳህሉ ሮጥኩ። «ጋሼ፣ በሞቴ፣ ለሐሙስ ብቻ ቧንቧውን በጨርቅ ይሰሩልኝ።»

«አንተ ልጅ፣ ውሃው የሚመጣው ሐሙስ አይደል? ታዲያ ጎደሬዬ መቼ ይጠጣ?»

ባዶ እጄን ዳገቱን ተመለስኩ።

ሐሙስ እትዬ አስካለች አንሶላውን ከምራ ጀሪካኗን ቧንቧው ሥር ደቀነች። ቧንቧው ፍስስ ብሎ አየር ተፋ፣ ዝምም አለ። ከዳገቱ ሆነን ቁልቁል ስናይ የየሰው ጓሮ በፀሐይ ያብለጨልጫል።

«በል እንጂ ባምላኩ፣ ዛሬ ምነው አፍህ ተያዘ?» አለችኝ። «እስቲ ይመጣል በለኝ።»

«እየመጣ ነው እትዬ። ጋሽ ሳህሉ ጓሮ ደርሷል።»

ልትስቅ ሞከረች፣ አልሆነላትም። ከታች የፔንሲዮኑ ዘበኛ አንሶላውን ሊወስድ ባዶ ጆንያ ይዞ ዳገቱን መውጣት ጀመረ። እሷ ግን ጀሪካኗን ከቧንቧው ሥር አላነሳችም።