ለማን እንደሞቱ ያልተጻፈበት ድንጋይ

ድንጋዩ ከቮዥ ተራራ በበሬ ጋሪ ተጭኖ የመጣው በፈረንጆች 1922 መጋቢት ላይ ነው። ለጦርነት ሙታን መታሰቢያ የሚሆን ቀይ ድንጋይ ነው፤ ቁመቱ ከሰው ይበልጣል። ድንጋዩ ገና ከጋሪው ሳይወርድ የመንደራችን ሹም ማተርን ሃይትስለር ወረቀት ይዞ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣ። ወረቀቱ ላይ የሰፈረው አንድ ስም ብቻ ነበር፦ ቪክቶር ሃይትስለር፣ የገዛ ልጁ። ከስሙ በላይ «ለፈረንሳይ ለሞተው» ብለህ ቅረጽ አለኝ።

ፈረንሳይና ጀርመን ድንበር ላይ ካለችው መንደራችን ከኦበርብሩን፣ ከአራት ዓመት በፊት ባለቀው የሁለቱ አገሮች ጦርነት የሞቱት አሥራ ሁለት ናቸው። አሥራ አንዱ የሞቱት የጀርመን ወታደር ልብስ ለብሰው ነው።

እኔ ዲቦልት እባላለሁ፤ ድንጋይ ጠራቢ ነኝ። ስወለድ ፈረንሳዊ ነበርኩ። በአሥራ ሁለት ዓመቴ ፈረንሳይ ተሸነፈችና ጀርመናዊ ነህ ተባልኩ። ስልሳ ሊሞላኝ አንድ ዓመት ሲቀረኝ ደግሞ ጀርመን ተሸነፈችና ተመልሼ ፈረንሳዊ ሆንኩ። በዚህ ሁሉ ዘመን ከተወለድኩበት ቤት ንቅንቅ አላልኩም። የሞቱት ልጆችም እንደኔው ናቸው። ጦርነቱ በተነሳበት ነሐሴ ስማቸው ተጠራ፣ ሄዱ። ቪክቶር ብቻ ከጥሪው ቀድሞ በስዊዘርላንድ በኩል ሾልኮ የፈረንሳይ ጦር ውስጥ ገባ፤ በሁለተኛው ዓመት ሞተ። የጥሪው ቀን የአሥራ አንዱን ስም አደባባዩ ላይ ካለው የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ቆሞ ያነበበው ሹም ይኸው ሃይትስለር ነበር። መንግሥት ሲለወጥ እሱ የለወጠው ኮፍያውን ብቻ ነው።

ከአሥራ አንዱ ሁለቱ፣ ሎሬንስና ሞራን፣ የሳሎሜ ልጆች ናቸው። ሳሎሜ ባሏ ከሞተ ጀምሮ የወይን ማሳዋን ብቻዋን የምታርስ፣ ሰው ፊት አንገቷን የማትደፋ ሴት ናት። ልጆቿ የሞቱት ሩስያ ምድር ስለሆነ መቃብራቸውን እንኳ አታውቀውም። እናቷ ከራይን ወንዝ ማዶ ተድረው የመጡ ነበሩ። ፈረንሳዮቹ እንደገቡ ሰውን ሁሉ በዘሩ ለይተው መታወቂያ ሲያድሉ ሁለቱም ወላጆቻችን የዚሁ አገር ለሆኑት ለኛ «ኤ» የሚል ደረሰን፤ ለሷ፣ ግማሽ ባዕድ ናት ተብሎ፣ «ቢ»። የእናቷን ነገር ለመርማሪዎቹ የነገራቸው ሹሙ ነው። ከዚያ በኋላ ሰው ሰላምታ ነሳት። አንድ ቀን ጠዋት ደጇ ላይ በሬንጅ «ቦሽ» ተብሎ ተጽፎ አየሁ፤ ፈረንሳዮች ጀርመንን የሚሰድቡበት ቃል ነው። ሳሎሜ ተንበርክካ ትፍቅ ነበር። እኔ መዶሻዬን ተሸክሜ አለፍኩ።

የድንጋዩን ወሬ ስትሰማ መጣች።

«የልጆቼን ስም ትጽፋለህ» አለች። ልመና አልነበረም።

ትእዛዙ የኔ አይደለም አልኳት። ምናልባት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ትንሽ ሰሌዳ ቢሠራላቸው ብዬም ጀመርኩ። አላስጨረሰችኝም።

«ሬንጁን ስፍቅ አይተኸኝ አልፈሃል። ዛሬም እለፍ» ብላኝ ሄደች።

በሚቀጥለው እሑድ ቅዳሴ አልቆ ሰው ሲወጣ ሹሙ ደረጃው ላይ ቆሞ ስለ ድንጋዩ ምረቃ በፈረንሳይኛ ንግግር ጀመረ። ፈረንሳይኛው ከሰላምታ ስለማያልፍ ወዲያው ወደ መንደራችን ቋንቋ ተመለሰ። ሳሎሜ ሰውን እየገፋች ወጥታ ፊቱ ቆመች።

«የኔ ልጆች ስም የታለ፣ ማተርን?»

«ለጠላት የተዋጋ ሰው ስም በፈረንሳይ አደባባይ አይቆምም። ግቢና ጸልዪላቸው።»

«ለጠላት የላካቸው ማነው? ከዚሁ ደረጃ ላይ ስማቸውን የጠራኸው አንተ አይደለህም? ሞራን ሲያለቅስ ‹ወንድ ሁን› ያልከው ማነው?»

«አፍሽን ዝጊ፣ አንቺ ቦሽ።»

«ቪክቶር የጠፋ ጊዜ የጀርመን ዘበኞች መጥተው ሲይዙህ ምን ብለህ ፈረምክ? ‹ከዛሬ ጀምሮ ልጄ አይደለም› ብለህ ነው። ወረቀቱ እዚህ በር ላይ አንድ ወር ተለጥፎ ሁላችንም አንብበነዋል። በቁሙ ካድከው፤ ሲሞት ለሹመትህ ፈለግከው።»

ሹሙ ከዘራውን አነሳ። ይመታት ነበር። ግን ካተል የምትባል፣ ልጇ ከሎሬንስ ጋር በአንድ ምሽግ የቀረባት ሴት፣ ከሰው መሃል ወጥታ ከሳሎሜ ጎን ቆመች። ከዚያ ሌላዋ እናት፣ ከዚያ ሌላዋ። ወንዶቹ ጫማችንን እያየን ቀረን።

ከዘራው ወረደ። እኔም ቤቴ ስገባ «ዛሬም እለፍ» ያለችኝ ከጆሮዬ አልወጣም።

ሰኞ ማለዳ መሮዬን አንስቼ፣ ቀድሜ ቀርጬው የነበረውን «ለፈረንሳይ ለሞተው» የሚለውን መስመር ጠርቤ አጠፋሁት። በቦታው «ለሙታኖቻችን» ብዬ ቀረጽኩ። ከሥሩ የአሥራ ሁለቱን ስም በዕድሜያቸው አስከትዬ ጻፍኩ። ሎሬንስና ቪክቶር በአንድ ሳምንት የተወለዱ ስለሆኑ ተከታትለው ወጡ።

ሹሙ ሰምቶ ሲመጣ ሥራው እያለቀ ነበር። ትልቁን መዶሻ አንስቶ ድንጋዩን መታው። ከሎሬንስ ስም የመጀመሪያው ፊደል ጫፉ ተሸርፎ ወደቀ። ድጋሚ ሊመታ ሲያነሳ፦

«ድንጋዩ ውስጡ ስንጥቅ አለው» አልኩት። «አንድ ከደገምከው የቪክቶርም ስም ለሁለት ይከፈላል።»

ውሸቴን ነበር። እጁ አየር ላይ ቆየ። ከዚያ መዶሻውን እግሬ ሥር ጥሎ፣ «በዚህ መንደር እንጀራ እንዳትበላ አደርግሃለሁ» አለኝና ወጣ።

ድንጋዩ በኅዳር ቤተ ክርስቲያኑ ፊት አደባባዩ ላይ ቆመ። የአሥራ አንዱ ቤተሰቦችም፣ ያ አሥራ አንድ ስም ካልተፋቀ ቤተ ክርስቲያን አንረግጥም ይሉ የነበሩት የሹሙ ወገኖች ሳይቀሩ፣ ሁሉም መጡ። ግን በሁለት ጎራ ተከፍለው፣ መሃላቸው ጋሪ የሚያሳልፍ ክፍተት ትተው ነው የቆሙት። ከከተማ የመጣው ባለሥልጣን ድንጋዩን አየውና በፈረንሳይኛ አንድ ነገር ጠየቀ። የትምህርት ቤታችን መምህር ተረጎመልን፤ «ለየትኛው አገር እንደሞቱ የተጻፈው የት ነው?» ማለቱ ነበር።

ከኋላ ሳሎሜ በቋንቋችን፣ «ብንጽፈው በየስንት ዓመቱ ልንፍቀው ነው?» አለች። መምህሩ ይህንን አልተረጎመውም።

በሚቀጥለው ምርጫ ሃይትስለር ድጋሚ ሹም ሆኖ ተመረጠ። ቃሉን ጠብቆ ከመንደሩ ሥራ አስቀረኝ፤ አሁን ለሌላ መንደር እጠርባለሁ። ሳሎሜን ከምረቃው ማግሥት ወይን ማሳዋ አጠገብ አገኘኋትና ሰላም አልኳት። መቀሷን ከግንዱ ሳታነሳ፣ «ጠረባው ጥሩ ነው» አለች፤ ቀና ብላ ግን አላየችኝም። ሹሙ፣ ሳሎሜና እኔ፣ ሦስታችንም የምንኖረው አንድ መንገድ ላይ ነው። ጠዋት ደጃችንን ስንጠርግ እንተያያለን፤ ሰላም አንባባልም።