የሸዋንግዛው ጌሾ

እትዬ መንበረ ጓሯቸው ውስጥ ጌሾ እያላቸው ጌሾ ከገበያ የሚገዙ ጠላ ሻጭ ነበሩ። ከተማቸው መቱ ደግሞ ለወሬ ማን ብሏት! አንዷ «ስስት ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል» ትላለች፤ ሌላዋ ስለት አለባቸው ትላለች። ጠጪዎቹም ጣሳቸውን እያስሞሉ በአገጫቸው ወደ ጓሮው እየጠቆሙ ያሾፉባቸዋል። እሳቸው ግን «የሱ ነው፤ ሲመጣ ይቀጠፋል» ብለው ወሬውን ቁርጥ ያደርጉታል።

እሱ ማለት አንድ ልጃቸው ሸዋንግዛው ነው። ለብሔራዊ ውትድርና ሊወሰድ ጥቂት ሲቀረው ኡካ ወደሚባል ገጠር ዘመድ ሊጠይቅ ሄደና ከአንድ ያረጀ ጌሾ ግርጌ ስሩን ከነጉንቁሉ ቆፍሮ፣ በእርጥብ ኮባ ጠቅልሎ ይዞ መጣ። ሰው ጌሾ የሚተክለው ዘሩን አፍልቶ ነው። ስር ሲያጋድም ያየ ስላልነበረ ጎረቤቱ ሁሉ ከበበው፤ ከሁሉም አብልጣ የሳቀችው የግድግዳ ጎረቤታቸው በየነች ነበረች።

«ኧረ ሸዋንግዛው፣ ጌሾ እኮ ዝንጅብል አይደለም! ይበሰብስብሃል» አለችው።

ልጁ ጆሮም አልሰጣት። ስሩን አጋደመው፣ አፈር አለበሰው፣ አመድ ነሰነሰበት። ከዚያ እጁን እያራገፈ፣ «እማዬ፣ ይኼ ለቅጠፋ እስኪደርስ እኔም እመለሳለሁ። የሰርጌ ጠላ በሱ ይጠነሰሳል» አለ። እዚያው አቅራቢያ ቡሬ ውስጥ ፅጌረዳ የምትባል ልጅ ታጭታለት ነበርና እናትየው ሳቁ። «በሰርግህ ቀን ከደጄ ማንም ሳይጠጣ አይሄድም!» ብለው በሰው ሁሉ ፊት ማሉለት።

ልጁ ሄደ። ስሩም እንደተቀበረ ቀረ። እትዬ መንበረ ጠዋት ጠዋት እየሄዱ አፈሩን ያያሉ፤ በየነችም በአጥሩ ቀዳዳ እሳቸውን ታያለች። አንድ ቀን ጩኸት ሰምታ ብትሮጥ ሴትዮዋ ተንበርክከው መሬቱን በጣታቸው ያሳዩዋታል። ቀላ ያለ ጉንቁል ወጥቷል። በየነች አፈረች፤ አፍራም ደስ አላት። ከዚያ ወዲህ ኮባ ቆርጣ ለጥላ የምታመጣው፣ ፍየል ሲመጣ ድንጋይ የምታነሳው እሷ ሆነች። ክረምቱ ሲበረታ ውሃ እንዳይተኛበት ሁለቱ አብረው ቦይ ቀደዱለት። ከጦር ሜዳ ወሬ ሲጠፋ እትዬ መንበረ ወደ ጓሮ ወጥተው ቅጠሉን ገልበጥ ገልበጥ ያደርጉና «ደህና ነው» ብለው ይመለሳሉ። ጌሾውን ይሁን ልጁን፣ በየነች ጠይቃቸው አታውቅም።

ጌሾው ከሰው ቁመት በለጠ። ቅጠሉ ለመለመ፣ ለቅጠፋም ደረሰ፤ አልተቀጠፈም።

አንድ ቀን ጋሽ ደበሳ፣ የእድሩ ዳኛ፣ በየነችን ቤታቸው አስጠሯት። ስትገባ አራርሳ ከነምርኩዙ ጥግ ተቀምጧል። ከሸዋንግዛው ጋር አንድ ጦር ውስጥ ነበር፤ እግሩን ተመቶ መመለሱን ከተማው ሁሉ ሰምቷል። ቀና ብሎ አላያትም። «እኔ ነኝ የቀበርኩት» አለ ብቻ። በየነች ግድግዳውን ተደግፋ «ዋቃዮ! ዋቃዮ!» ብላ አምላኳን እየጠራች ቁጭ አለች።

መርዶ ግን እንዲሁ እንደ ገበያ ወሬ አይነገርም። ወገን መሰብሰብ አለበት፤ የእትዬ መንበረ ወንድም ወልደ ማርያም ጋምቤላ በስራ ላይ ነው፣ እሱ መምጣት አለበት። እስከዚያ ሁሉም አፉን ይዝጋ ተባለ። ለሩቅ ለቀስተኛ የሚሆነውን ጠላ በየነች እንድትጠምቅ ተመደበች። ቤቷ ቅርብ ነው፤ ማንም አይጠረጥርም ተባለ። ሽማግሌ ሲመክር እንዲህ ነው፤ የማይጠረጠር ያሉት ሁሉ ይጠረጠራል።

በማግስቱ በየነች ጋኗን አጥባ በወይራ ስታጥን እትዬ መንበረ ብቅ አሉ። አብረዋት የነበሩት ሴቶች ወሬያቸውን አቋረጡ። ፅጌረዳም ተነግሯት ከቡሬ መጥታ እዚያው ነበረች፤ አማቷን ስታይ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና ወደ ጓዳ ሮጠች። እትዬ መንበረ ጋኑን አዩ፣ ጓዳውን አዩ፣ ዝም ያሉትን ሴቶች አዩ። ፊታቸው ቀስ እያለ በራ።

«እንግዲህ አትደብቁኝ» አሉ። «አራርሳ መጥቷል ሲባል ሰምቼ፣ ምነው ሳይጠይቀኝ ቀረ ብዬ ነበር። ለካ አፉን አላምን ብሎ ነው! ልጄ ድንገት ሊገባብኝ ነው፣ አይደል?»

ማንም አልመለሰም። ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጠሩት። ደግሞስ ምን ብለው ይቁጠሩት? ጋን ይታጠናል፣ እጮኛ ታፍራለች፣ ጎረቤት ይንሾካሾካል፤ ለሰርግም ቢሆን ከዚህ ሌላ የሚደረግ የለም።

ከሰዓት በኋላ በትልቅ ቅርጫት ጌሾ ተሸክመው መጡ። ቁጥቋጦውን ሙልጭ አድርገው ቀጥፈውታል፤ ጣቶቻቸው እስከ ጥፍራቸው አረንጓዴ ሆነዋል።

በየነች መንገዱን ዘግታ ቆመች። «እትዬ መንበረ፣ ይተዉት። ጌሾ ገዝቻለሁ።»

«የገበያ ጌሾ? ለሸዋንግዛው?»

«ሃርሜ ኮ፣ እናቴ፣ ይስሙኝ። ይህን ቤትዎ ይመልሱት።»

«ምን ሆነሻል አንቺ? ከስሩ ጀምሮ አብረሽኝ የደከምሽበት ነው እኮ። ይልቅ ሰፌድ አምጪ፤ ፀሐይ ሳለ ይሰጣ።»

በየነች አፏን ከፈተች። ልትናገር ነበር፤ እውነት ልትናገር ነበር። ግን እነዚያን አረንጓዴ ጣቶች አየች። ከልጁ መሄድ ወዲህ ሴትዮዋ እንዲህ ሲስቁ አላየችም። እኔ ማን ነኝና ይህን ሳቅ የምነጥቃቸው? ወንድማቸው ሳይኖር፣ የሚይዛቸው ሳይኖር? ሰፌዱን አመጣች።

ጌሾው ሲደርቅ እትዬ መንበረ ሙቀጫውን ለማንም አልሰጡም። ራሳቸው ወቀጡ፣ ራሳቸው ጠነሰሱ። ዘነዘናውን እያነሱ ሲጥሉ የሰርግ ዘፈን ያንጎራጉራሉ። «ከግርጌው ሌላ ጉንቁል ወጥቷል። ከነስሩ ቆርጬ ለአዲሱ ቤቱ እሰጠዋለሁ» ይሏታል። በየነች ብቅሉን አስቀምጣ ከቤት ወጣች፤ ከኩሽናው ኋላ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጠቅጥቃ አለቀሰች። ስትመለስ ዓይኗን አዩትና «ጭሱ ነው?» አሏት። «ጭሱ ነው» አለች።

ወልደ ማርያም ከጋምቤላ የገባው ጠላው ለመጠጥ በደረሰ ጊዜ ነው። በነጋታው ጎህ ሲቀድ ሰዉ ተሰብስቦ ወደ እትዬ መንበረ ደጅ ሄደ። በሩን ማንኳኳት አላስፈለገም። ደጁ ተጠርጎ ቄጤማ ተጎዝጉዞበታል፤ እሳቸውም ነጭ ለብሰው በሩ ላይ ቆመዋል። የብዙ ሰው ኮቴ ሰምተው ነው የወጡት።

«ገባ?» አሉ። በሰዉ ትከሻ ላይ አሻግረው ወደ ኋላ ይፈልጉ ጀመር። «የታለ? ምነው ከኋላ አደረጋችሁት?»

ጋሽ ደበሳ አንገታቸውን ደፉ። ወልደ ማርያም ወደ እህቱ ሄደ። እትዬ መንበረ ወንድማቸውን ሲያዩ ግራ ገባቸው። ቀጥሎ የሴቶቹን ነጠላ አዩ፤ ሁሉም ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዘቅዝቀው ለብሰዋል። በመጨረሻ በየነችን አዩ። ያኔ ያወጡትን ድምፅ በየነች እስከ ዛሬ አልረሳችውም፤ ጩኸት አልነበረም፣ ከባድ ሸክም ሲነሳ የሚወጣ ዓይነት ድምፅ ነው። ከዚያ ቄጤማው ላይ ወደቁ።

ለቅሶው ከረረ። ለቀስተኛው ከቡሬም ከኖፓም ጎረፈ። በየነች ጠላውን ማውጣት ከበዳት፤ ጋኑ ጓዳ እንደተከደነ ቀረ። ጋሽ ደበሳ መጥተው «ሰው በእግሩ የመጣ ነው፣ ጉሮሮው ደርቋል፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» ብለው ተቆጧት። እሷ ከጋኑ አጠገብ ተቀምጣ እንባዋን ታፈሳለች።

እትዬ መንበረ በሁለት ሴቶች ተደግፈው ወደ ጓዳ ገቡ። ፊታቸው ተቧጥጦ ደምቷል። ክዳኑን አንስተው በጣሳ ቀዱና ቀመሱ፤ አፋቸው ውስጥ ትንሽ አቆዩት። ጠላ ቀማሽ ናቸውና በየነች ሳትፈልግ ፊታቸውን ታነብ ጀመር።

«ታውቂ ነበር» አሉ።

«አውቅ ነበር። ይማሩኝ፣ እትዬ መንበረ። ስቀው ነበር፤ መንጠቅ አቃተኝ።»

እትዬ መንበረ ከጣሳው አንድ ጊዜ ደግመው ተጎነጩ። ከዚያ አሁንም አረንጓዴው ባለቀቀው ጣታቸው ጣሳውን ዘረጉላት።

«ጥሩ ወጥቷል» አሉ። «በይ ተነሺ፣ ቅጂላቸው። በሰርግህ ቀን ከደጄ ማንም ሳይጠጣ አይሄድም ብዬዋለሁ።»